ከሁለቱ አንዳቸው

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በምርጫው ዕለት ጠዋት ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ለአካባቢው የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የሠራተኛ ተወካይ ለመሆን የቀረቡት እጩዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ እሳቸውና ሽማግሌው ሒሳብ ሹም። ሽማግሌው ገና ቢሮ አልገቡም።

መርማሪዋ ነገር ቶሎ የማይገባት የምትመስል፣ ጆሮዋ ግን የማይተኛ ሴት ናት። የሟቿ መነጽር ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ቀርቷል። ያለ መነጽር በር እንኳ የማይለዩ ሴት ያን ጨለማ ደረጃ በፈቃዳቸው አይወርዱም። ሬሳውን ያገኘው ዘበኛ ደግሞ በሩንም አፉንም ቆልፎ ነበር የጠበቃት።

መጀመሪያ ሾፌሩን አስጠራች። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ገጭተሃል ተብሎ ተባሮ፣ ይግባኙ ኮሚሽኑ ዘንድ ነው። የልጆቹ ጉሮሮ በዚያ ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከሁለቱ እጩዎች አንዳቸው አርፈዋል» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንኛቸው? ሴትዮዋ ከሆኑ አለቀልኝ። ማን እንደገጨ ከመስኮታቸው አይተዋል። ‹ስሙን ግን ከተመረጥኩ በኋላ ነው የማወጣው፣ ያኔ ማንም አያባርረኝም› ብለውኛል።»

ስልከኛዋም ያንኑ ተነገራት። «ሒሳብ ሹሙ ናቸው አይደል? ልባቸውን ያማቸው ነበር» አለች።

የሰው ኃይል ኃላፊውም ያንኑ ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «ነፍሳቸውን ይማር። እንደ እናቴ ነበሩ እኮ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ባዶው የድምፅ መስጫ ሣጥን ባለበት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሒሳብ ሹሙም መጥተዋል። የሞቱት ማን እንደሆኑ አሁን ለሁሉም ገባቸው።

«ለሦስታችሁም አንድ ቃል ነው የነገርኳችሁ» አለች መርማሪዋ። «‹አርፈዋል› ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ሾፌሩ ማንኛቸው ብሎ ጠየቀኝ። ስልከኛዋ ወንዱ መስለዋት ነበር። እርስዎ ግን ሳይጠይቁ ‹እንደ እናቴ› አሉኝ።»

«ወሬ ሰምቼ ነው» አለ ኃላፊው።

«ከማን? ከዘበኛውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሊያወጡት የነበረው ስም የእርስዎ ነው፤ መኪናውን የገጩት እርስዎ ነዎት። እሳቸው ከተመረጡ እንደሚያጋልጡዎት ስለገባዎት፣ ከፎቅ ጎትተው አውርደው በምድር ቤቱ ደረጃ ገፈተሯቸው።»

ኃላፊው ተቀመጠ። «ዝም በሉ ብዬ ለምኛቸው ነበር። እምቢ አሉኝ።»

ሒሳብ ሹሙ የሾፌሩን ትከሻ ያዙ። «አይዞህ ልጄ፤ አሁን ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።»

ሾፌሩ አለቀሰ። «ሴትዮዋ መወዳደር አልፈለጉም ነበር፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። በእሳቸው ሞት ነው የምመለሰው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻው አላነሱም።