ዘንጉ መሬት አልነካም

በሰሜን ወሎ እንደ ኢንስፔክተር ትርንጎ ልበ ደፋር ሰው የለም። ይህን ያለችው ራሷ ትርንጎ ናት። ከወልድያ ወደ ግራና በፖሊስ ፒክአፕ ስትመጣ ሾፌሩን እየደጋገመች ነገረችው። «ሬሳ አያስደነግጠኝም። ጋኔን ቢመጣብኝም መታወቂያ ነው የምጠይቀው።» ሾፌሩ ግን መርሳን ካለፉ ጀምሮ ዳዊቱን በቃሉ ያነበንብ ስለነበር አልሰማትም።

ሬሳው ከግራና ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ በውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን እግር ሥር ተዘርሯል። ደጀን ይባላል፤ የማሽኑ ኦፕሬተር ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል። ዓይኑን እንኳ የከደነለት የለም፤ ማን ደፍሮ ይጠጋል?

«ከማሽኑ ማማ ላይ ወድቆ ነው» አለ ፎርማኑ መልካሙ። «ይሄ ቦታ ባለቤት አለው፣ ኢንስፔክተር። መጀመሪያ የቆፈርነውን ጉድጓድ በላብን፤ አሁን ደግሞ ሰው በላ። ሳይመሽ ይደፈን ነው የምንለው።»

ከኋላው የሰፈሩ ገበሬዎች አካፋ ይዘው ቆመዋል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ድረስ በጭቃ ውኃ ተሞልቷል። አልፎ አልፎ ከሥር አረፋ እየመጣ «ቡልቅ!» ይላል። «ቡልቅ!» ባለ ቁጥር ሕዝቡ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ትርንጎም አፈገፈገች፤ ለሰው ቦታ ልልቀቅ ብላ ነው አሉ።

ያልተነቃነቁት እትዬ ወርቅነሽ ብቻ ናቸው። የሰፈሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንቱ አይፈሩም?» አለቻቸው ትርንጎ።

«እንዴት አልፈራም! ግን ከተነሣሁ ይደፍኑታል። ልጆቻችን ለአንድ ጄሪካን ውኃ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ከጋኔን ጥም ይብሳል፣ ልጄ።»

ትርንጎ መጀመሪያ ከመርሳ የመጣውን የማሽኑን መካኒክ ፍቅሩን ጠራችው። እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ይጠርጋል።

«ሁላችንም ቀብር ሄደን ነበር» አለ። «ጎረቤት ሞቶ መቅረት ነውር ነው። ማሽኑን ሊጠብቅ ደጀን ብቻ ቀረ።»

«ፎርማኑስ? ሌሎቹስ ሠራተኞች? እስከ መጨረሻው ቀብር ላይ ነበሩ?»

«ቀብር ላይ ማን ማንን ያያል? ሁሉም ነጠላውን ተከናንቦ ያለቅሳል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ትልቁ የቧንቧ መፍቻዬ ጠፍቷል። ስንሄድ ማሽኑ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጋኔን መፍቻ ምን ያደርግለታል?»

ባለ ኮምፒውተሩ ናትናኤል በቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ በሩን ቀርቅሮ ነው የተገኘው። ሥራው ማሽኑ ላይ የተገጠሙትን ሴንሰሮች መከታተል ነው። ስክሪኑን እያሳየ አስረዳት።

«ይሄኛው መስመር የጭቃውን ከፍታ ያሳያል። ያኛው ደግሞ ማሽኑ የተሸከመውን ክብደት። የመቆፈሪያ ዘንጎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ክብደቱ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ጫፋቸው መሬት ላይ ሲያርፍ ይወርዳል።»

የጭቃው መስመር እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ ሁሉም ቀብር በሄደበት ሰዓት በድንገት እንደ ደረጃ ከፍ ብሏል። እዚያው ከፍታ ላይም ቀርቷል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ሴንሰሩ ተሳስቶ ይሆናል። ዘንጎቹ ውጭ ነበሩ፤ ማንም አልቆፈረም። ወይ ደግሞ…» ናትናኤል በሩ መቀርቀሩን ዞሮ አየ። «ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ከሥር እየወጣ ነው።»

ትርንጎ ከስክሪኑ አንድ እርምጃ ራቀች። ቶሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። «የመጀመሪያው ጉድጓድ እንዴት ጠፋ?»

«ዘንጉ ከውስጥ ተሰብሮ። ሴንሰሩ ጭነቱ ከመጠን በላይ መሆኑን መዝግቧል፤ አላርሙ ግን አልጮኸም። ድምፁን አንድ ሰው ከኦፕሬተሩ ወንበር ላይ ሆኖ አጥፍቶታል። ሰው ሁሉ ደጀንን አማው። እሱ ግን 'እኔ አይደለሁም፤ ያጠፋውን ለዋናው ቢሮ እናገራለሁ' ይል ነበር።»

ሬሳው በፒክአፑ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ትርንጎ ሁሉንም ወደ ማሽኑ ሰበሰበች።

«ዘንጎቹን እናወርዳለን።»

«ኧረ በወላዲተ አምላክ ይሁንብሽ!» አለ ከገበሬዎቹ አንዱ።

«ፎርማን፣ እርስዎ ያውርዱት።»

መልካሙ ወንበሩ ላይ ወጣ። ዘንጎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተቀጠሉ ወደ ጭቃው ሰጠሙ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ቀሚስ ተሸፈኑ። ብዙ ከወረደ በኋላ መልካሙ ፍሬኑን ያዘ።

«ደረሰ። ምንም የለም። አሁን ይውጣና ይደፈን።»

ትርንጎ ወደ ናትናኤል ዞረች። «ክብደቱስ?»

«አልወረደም» አለ ግራ ገብቶት። «ዘንጉ መሬት አልነካም። እንደተንጠለጠለ ነው።»

«ፍቅሩ፣ ውጣና አንተ ጨርሰው። ሲነካ አሽከርክረው።»

መልካሙ ወረደ፤ ፍቅሩ እያማተበ ወጣ። ዘንጉ ትንሽ ወረደና ክብደቱ ወደቀ። መሽከርከር ሲጀምር ግን ከምድር ሆድ ጩኸት ተነሣ። ብረት ብረትን ሲያኝክ የሚወጣ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ጩኸት! ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፤ አላርሙም አብሮ ጮኸ። አካፋው ሁሉ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሕዝቡ በየማሽላው ውስጥ ተበተነ። ጋኔንን መታወቂያ ጠያቂዋም ዓይኗን ስትገልጥ ራሷን ከእትዬ ወርቅነሽ አንገት ላይ ተጠምጥማ አገኘችው።

«አጥፋው! ይበቃል!» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ሰዉ አንድ በአንድ ሲመለስ ኮቷን አስተካክላ ቆመች።

«አትፍሩ። ጋኔን አይደለም። ሻይ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ብትጨምሩ ሻዩ ከፍ ይላል። ጭቃውም እንደዚያው ከፍ ብሎ ቀረ። የጎኑ አፈር ተንዶ ቢሆን፣ እዚያው ቦታ ለወጠ እንጂ ከውጭ አልመጣምና ጭቃውን አያነሣውም። ስለዚህ ከውጭ የገባ ነገር አለ። እዚህ ደግሞ የጠፋው የፍቅሩ መፍቻ ነው። ደጀን የተመታው በእሱ ነው፤ ገዳዩም መፍቻውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው።»

«እኔ እኮ አይደለሁም!» አለ ፍቅሩ።

«አንተማ መጥፋቱን ራስህ ነገርከኝ። ገዳይ መሣሪያዬ ጠፋ ብሎ ለፖሊስ አያመለክትም። ናትናኤልም ያንን መስመር ማጥፋት ይችል ነበር፤ እሱ ግን አሳየኝና ከእኔ ጋር ፈራ።» ወደ መልካሙ ዞረች። «እርስዎ ግን ጫፉ መሬት ሳይነካ 'ደረሰ' አሉ። ብረት ከብረት ጋር ተገናኝቶ እንዳይጮህ።»

«ፈርቼ ነው! ሁሉም ፈርቷል!»

«የፈራማ ጥሎ ይሸሻል እንጂ 'ደረሰ' ብሎ አይዋሽም። አላርሙን ያጠፉትም እርስዎ ነዎት። ደጀን ይህን ለዋናው ቢሮ ሊናገርብዎ ነበር።»

መልካሙ ማሽኑን ተደግፎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ነው ያጠፋሁት። ከቀብሩ ሾልኬ መጥቼ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። 'ነገ እናገራለሁ' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ካቴናው ገባ። ትርንጎ አገጯን ቀና አድርጋ ወደ እትዬ ወርቅነሽ ሄደች።

«አዩ እትዬ? ከእኔ የሚያመልጥ የለም!»

እትዬ ወርቅነሽ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሰውየውንስ ያዝሽ። ብረቱን ግን ፈጭተሽ ፈጭተሽ ከውኃችን ጉሮሮ ሰነቀርሽው። እሱን ደግሞ በካቴናሽ ጎትተሽ አውጪው!»