ለንቦቹ ማን ነገራቸው?

ሽማግሌው አይለርት ቤረንስ በእህል ጎተራቸው ደጃፍ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተዋል። ማጅራታቸውን የመታቸው አካፋ የተገኘው ድርቆሽ ክምር ውስጥ፣ ጠጥቶ ከተኛው ከትንሹ ልጃቸው ከራይነር ጎን ነው። የልጁ እጅጌ ደም ነክቶታል። ሸሪፍ ፕራት ከዚህ ሌላ ምን እንደሚፈለግ አልገባውም፤ በወረዳው አስከሬን የሚመረምረው ዶክተር ሃይኮ ሉበን ሲደርስ ልጁን ከሠረገላው ጎማ ጋር አስሮ ጨርሶ ነበር።

«ወረቀቱን ፈርምልኝና ይዤው ልሂድ» አለ ሸሪፉ። «ጎረቤቶቹ ሊሰቅሉት ድልድዩ ላይ ገመድ ይዘው ቆመዋል።»

«ገመድ ወደያዙት ሰዎች ልትወስደው ነው?»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ዶክተር። አባቱን ለገደለ ልጅ ነፍሴን ልስጥ?»

ሉበን ወደ አስከሬኑ ሄደ።

የዚህን ቤት ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እሱም እንደነሱ ከዚያው ከሰሜን ጀርመን ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው። አይለርትና ሚስታቸው ታሌያ ኦኖ የሚባል አንድ ጨቅላ ታቅፈው፣ የአይለርትን ወንድም ሃቦን አስከትለው አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት የገቡት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያውን ክረምት መሬት ቆፍረው፣ ከጉድጓድ ውስጥ አሳለፉት። ኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱንም የጉሮሮ በሽታ በአንድ ሳምንት ወሰደባቸው። ከቀብሩ በወሩ ራይነር ተወለደ። ሽማግሌው የሴት ልጆቻቸውን ሞት በዚህ ሕፃን ላይ ተበቀሉ ቢባል ማጋነን አይደለም። ሰባት ዓመት ሲሆነው ንብ ነድፎት ፊቱ አብጦ ሲያለቅስ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለው በልጓም ገረፉት። የተተለተለውን ጀርባ የሰፋው ሉበን ራሱ ነው። ልጁ በዐሥራ አራት ዓመቱ ድርቆሽ አቃጠለ፤ ሁለት ዓመት ማረሚያ ቤት ተቀመጠ፤ ሲመለስ ጠጪ ሆነ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ዶሮ ቢጠፋ የሚጠየቀው ራይነር ነው።

አስከሬኑ ደርቋል። ጀርባቸው ላይ አመዳይ ጋግሯል፤ ከሆዳቸው ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። ሉበን ወደ ጎተራው ገብቶ የዘር አጃ የታሸገባቸውን ጆንያዎች አየ። አይጥ የቦጫጨቀውና የመሬት እርጥበት ያጠቆረው ወገናቸው ወደ ላይ ዞሯል። ቀጥሎ ከጎተራው ጀርባ፣ ፀሐይ ገና ካልደረሰበት ጥግ፣ ሣሩ ላይ ወደተደረደሩት አራት ቀፎዎች ሄደና አጎነበሰ። ሁሉም ከቀድሞ ቦታቸው በስንዝር ያህል ተገፍተዋል። ቀድሞ ቆመውበት የነበረው ሣር ቢጫ ነው፤ በቢጫው ሣር ላይም አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

አስከሬኑን ያገኙት አንድ እጃቸውን የመውቂያ መኪና የቆረጣቸው ሽማግሌው ሃቦ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ላም ሊያልቡ ሲሄዱ ማየታቸውን፣ ሲጮሁ ከጎረቤት ያደረው ሸሪፍ ወዲያው መድረሱን ነገሩት።

«ከዚያ ወዲህ ከቤት የወጣ አለ?»

«ማን ይወጣል? ሸሪፉ በሩ ላይ ተገትሮ። ራይነርን ካሰረው በኋላ እኛን ኩሽና አጉሮን ነው ያቆየን።»

ታላቁ ልጅ ኦኖ ብዙ አልተናገረም። ራይነር ትናንት በራት ሰዓት ድርሻዬን ካልሰጣችሁኝ ብሎ አባቱን መስደቡን፣ ማስፈራራቱን ነገረው። ወይዘሮ ታሌያም ይህንኑ ደገሙ፤ ሲናገሩ ግን ዓይናቸው ከልጃቸው ከኦኖ ላይ አልተነሳም።

«እጅጌው ላይ ያለው ደም የማን ነው፣ እትዬ ታሌያ?» አለ ሉበን።

ታሌያ ዓይናቸውን ከኦኖ አነሡ።

«የራሱ ነው» አሉ። «ራት ላይ አባቱ አፍንጫውን መታው።»

«ይህን እያወቁ ልጅዎ ሲታሰር ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሉበን እናት እንዲህ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ሸሪፉን ጠርቶ ራይነርን ከጎማው ፈትቶ ወደ ኩሽና እንዲያስገባው አዘዘ። ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሻይ ተቀድቷል፤ ኦኖ ጥቁር ዳቦ እየቆረሰ ነው። የራይነር እጆች እንደታሰሩ ናቸው።

«ከሁሉ በፊት የዘነጋችሁት ነገር አለ» አለ ሉበን። «የቤቱ ጌታ ሞተው ለንቦቹ አልተነገራቸውም። ዘሩም አልተገላበጠም።»

የታሌያ ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። ሃቦ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን እየፈለጉ ተነሡ፤ «ፀሐይ ወጣች እኮ! ኦኖ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!»

ራይነር ሳቀ። «ይሙቱ። ዘሩም ይበስብስ።»

ኦኖ ቢላዋውን አላስቀመጠም። «ይደርሳል፣ አጎቴ» አለ።

ሉበን ወደ ሸሪፉ ዞረ።

«ፕራት፣ አንተ የኛን ልማድ አታውቅም። በኛ አገር ገበሬ ሲሞት ፀሐይ ሳትወጣ ወራሹ ቀፎዎቹን ሦስት ጊዜ እያንኳኳ ‹የድሮው ጌታችሁ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ጌታችሁ እኔ ነኝ› ይላቸዋል፤ ከቦታቸውም ፈቀቅ ያደርጋቸዋል። የዘሩን ጆንያ ይገለብጣል። ካላደረገ ንቦቹ ያልቃሉ፣ ዘሩ አይበቅልም። እነዚህ ሰዎች ይህን እንደ ወንጌል ያምኑታል።»

«ታዲያ ይሄን ከግድያው ጋር ምን አገናኘው?»

«ቀፎዎቹ ተነግሯቸዋል። ጆንያዎቹም ተገልብጠዋል። ቀፎዎቹ በለቀቁት ሣር ላይ አመዳይ አለ፤ አመዳይ የሚወርደው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ስለዚህ አይለርት መሞታቸውን፣ ሃቦ ሳያገኟቸው በፊት ያወቀ ሰው ነበር። ያን ጆንያ በአንድ እጅ የሚገለብጥ የለም። እትዬ ታሌያም አቅሙ የላቸውም። ራይነርን ንብ ከነደፈው ዓይኑ እስኪደፈን ያብጣል፤ ፊቱን እዩት፣ ምንም የለውም። ደግሞም ዘሩ ይበስብስ ነው የሚለው። አሁን ልማዱ ቀርቷል ብዬ ስነግራችሁ፣ ወራሽ ሆኖ ሳለ ያልደነገጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራውን አስቀድሞ ስለጨረሰ።»

ሁሉም ወደ ኦኖ ዞሩ።

«ገድሎ ሲያበቃ ስለ ንብ ይጨነቃል?» አለ ሸሪፉ።

«የገደለው ለእርሻው ነዋ! እርሻው እንዲሞትበት ይፈልጋል?»

ኦኖ ቢላዋውን ዳቦው ላይ ሰካው።

«አዎ፣ ለእርሻው ነው! ከልጅነቴ ጀምሬ አረስኩ፣ አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላልኩም። ሽማግሌው ትናንት ‹ራይነርን በድዬዋለሁ፣ ግማሹ የሱ ነው› አለ። ድርሻ የጠየቀ የለም፤ እሱ ራሱ ነው ያመጣው። ራይነርም ‹ገርፈህ ስታበቃ በመሬት ልትደልለኝ ነው?› ብሎ ሰደበው፣ ተመታ። አባቴ ግን በቃሉ ጸና። እኔንስ? እኔን አልበደለኝም? አንድ ቀን እንኳ አበጀህ ብሎኝ ያውቃል?»

«አካፋውን ከወንድምህ ጎን ማኖር ምን አመጣው?» አለ ሉበን።

«እሱማ ምን ይቀርበታል? እንዲህም እንዲያም መጨረሻው ገመድ ነው።»

ታሌያ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ኦኖ ሲወጣም ሲገባም ሰምተው ነበር፤ የሚረባውን ልጅ ለማትረፍ የማይረባውን አሳልፈው ሰጥተዋል። ይህንንም ራሳቸው እያለቀሱ ተናገሩ።

ሸሪፉ ገመዱን ከራይነር እጅ ፈትቶ ኦኖን አሰረበት። ሉበን እሱንም ማንም እንዳይነካው፣ በሰሜኑ መንገድ ድልድዩን ዞሮ እንዲወስደው አዘዘው።

«ያ መንገድ ከጧትም ነበረ፣ ፕራት» አለው።

ታሌያ እንባቸውን ጠርገው ንጹሕ ሲኒ አነሡ። «ተቀመጥ ልጄ። ሻይ ልቅዳልህ። ከእንግዲህ ቤቱ ያንተ ነው።»

ራይነር ገመድ የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ። እናቱን አየ፤ አጎቱን አየ፤ ሸሪፉን አየ።

«ከጧት ጀምሮ ታስሬ ስውል፣ ከእናንተ መሀል ‹ገደልከው ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

ከዚያ ወደ ሉበን ዞረ።

ሉበንም አልጠየቀውም ነበር።