ከዘሃራ ክፍል የመጣው መብራት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ጥላ አለፈብኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አጥተህ ነው ብዬ የምሸኝ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የማጫውትህ እመነኝ ብዬ ሳይሆን ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ከቆቦ ወልድያ ሰው የማመላልስባት አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና አለችኝ፣ ልክ እንደ ስልክ ቤቴ ካለው ተራ ሶኬት ነው የምሰካት፣ ታዲያ በጣም ቀስ ብላ ነው የምትሞላው፣ በርሜል በጭልፋ እንደመሙላት በለው፣ ማታ ሰክቻት ብተኛ ጠዋት ነው የምትደርስልኝ። የዚያን ቀን ባትሪዋን ጨርሼ ከወልድያ ስመለስ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ይመጣ ይሆናል ብዬ ሰክቼ ተውኳት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ባለቤቴን ለምለምን ምጥ ያዛት።

ሰፈራችን ያለችው አዋላጅ መጥታ አየቻትና ሕፃኑ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ቶሎ ብለህ ወልድያ አድርሳት አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ዞብል ወጥቷል፣ ሚኒባስ ያላቸው ጓደኞቼ ጋ ብደውል ግማሹ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው፣ ግማሹ አያነሳም።

ደጄ ላይ ቆሜ እንደገና ስደውል ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት አባ ሰይድ ወጡ፣ ሚስትም ልጅም ሞተውባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጃቸው ዘሃራ እዚያው ቤት ምጥ ላይ ስትሞት የሚያደርሳት መኪና ታጥቶ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመኪናህን ገመድ አምጣና ከዘሃራ ክፍል ሰካው አሉኝ።

«አባ ሰይድ፣ አንቱም ቤት እኮ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፣ አንተም በስመአብ በልና ሰካው።»

እውነቴን ነው፣ ሽማግሌውን ላለማስቀየም ብዬ ነው መኪናዋን ገፍቼ በራቸው ላይ አቁሜ ገመዱን በመስኮት ያስገባሁት። የዘሃራ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፣ ሶኬቱ ከራስጌው ጋ ነው። ሰካሁት፣ ምንም የለም፣ ልነቅለው እጄን ስዘረጋ መኪናዋ ከውጭ ቀጭ አለች፣ ኃይል ስታገኝ የምታሰማው ድምፅ ነው፣ ወዲያው የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የክፍሉን ማብሪያ ብጫነው አምፖሉ አይበራም፣ በመስኮት ባይ በመንገዱ ግራና ቀኝ መብራት ያለበት አንድ ቤት የለም። ከአልጋው በኩል ደግሞ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት እንደምትተነፍሰው፣ ሳብ፣ ረገብ፣ ለምለም ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ናት፣ የሷ ትንፋሽ እዚያ ድረስ አይሰማም። አባ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው በሩ ላይ ቆመዋል፣ በአጠገባቸው አልፌ ወደ ለምለም ሮጥኩ።

ለምለምን አልብሰን፣ ደግፈን እስክናመጣት ባትሪው ወልድያ የሚያደርስ ያህል ሞልቶ ጠበቀን፣ ሌላ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ማለት ነው፣ እስከ ዛሬ ምክንያቱን ፈልጌ አጥቻለሁ። ነቅዬ አስነሳሁ፣ ሮቢትን፣ ጎብዬን አልፈን ደረስን፣ በኦፕሬሽን ሴት ልጅ ወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ተመልሼ አባ ሰይድን ላመሰግን ስሄድ ምስጋናዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ሕፃኗ አለቀሰች?» አሉኝ።

አዎ፣ ሐኪም ቤቱን አናወጠችው አልኳቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዘሃራ አላለቀሰም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ፣ ቤቴ መብራት እያለም፣ እሳቸው ደስ እንዲላቸው መኪናዋን እዚያ እሰካታለሁ፣ ለምለም ለምን መንገድ ትሻገራለህ ትለኛለች። ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ ልነቅል ገብቼ ገመዱን ስስበው ከአልጋው ራስጌ በኩል የሆነ ነገር ያዝ አደረገው፣ የተጣበቀ እንዳይመስልህ፣ ኃይለኛም አልነበረም፣ ልሂድ ያለን እንግዳ እጁን ይዞ ትንሽ ተቀመጥ እንጂ እንደሚል ሰው ነው። ምን ላድርግ፣ ለቀቅኩትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።