ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር

ሒክማ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በጋ አንዲት ከባድ አሮጊት ከአልጋ ስታነሳ ወገቧን አመማት። ኪኒኑ አልሆን ሲላት አብራት የምትሠራ ቻይናዊት፣ ሚስተር ላም የሚባሉ ሽማግሌ ቅዳሜ ጠዋት ሜሪት ሐይቅ ዳር ቺጎንግ የሚባለውን የቻይናውያን የትንፋሽና የሰውነት ልምምድ እንደሚያስተምሩ ነገረቻት።

ሄደች። ከቻይናውያኑ አዛውንቶች መሀል አንድ ረጅም ወጣት ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ክንዶቹን ደረቱ ፊት አክብቦ ንቅንቅ ሳይል ቆሟል። ሒክማ አጠገቡ ቆማ እንደ እሱ ለማድረግ ሞከረች።

«ትከሻሽን ልቀቂው» አላት በአማርኛ፣ ዞር ሳይል። «ትንፋሽሽን ከእምብርትሽ በታች አውርጂው። የውስጥ ኃይል የሚጠራቀመው እዚያ ነው።»

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ሲያምሽ ‹ውይ› ትያለሽ።»

አክረም ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ በየቅዳሜው ወደ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ይመጣል። ከልምምዱ በኋላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። እሱ ውሃውን ያያል፤ እሷ ውሃውን የምታይ መስላ እሱን ታያለች። መኸር ሲገባ ወገቧ ድኖ ነበር፤ መምጣቷን ግን አልተወችም።

አንድ ቀን ወደ መኪናው ሲያመሩ ደረጃው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሒክማ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዘች፤ የልብ ምቱን ለመቁጠር። ምቱ ይደናቀፋል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጅ ሆኜ ታምሜ የልቤ ቫልቭ ተበላሽቷል። ኦፕሬሽን አድርግ ካሉኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ግን ተሽሎኛል።»

«አልተሻለህም፣ አክረም።»

«ልቤን ሊያቆሙት ነው እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቆሞ ቢቀርስ?»

ክረምቱን ሙሉ ለመነችው። መቶ ቀን ሳላቋርጥ ልለማመድ አላት። መቶው ሲሞላ ሌላ መቶ ጠየቀ። ያን ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«በየሳምንቱ ሰው ሲሞት አያለሁ፤ ሥራዬ ነው። ያንተን ግን አላይም። ኦፕሬሽኑን እስክታደርግ ኮል እንዳታደርግልኝ።»

መልስ ጠበቀች። እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

የምትኖረው ታክሲ ከሚነዳው ታላቅ ወንድሟ ከዘይኑ ጋር ነበር። ዘይኑ ነገሩን ሲሰማ፣ «በዚህ ዕድሜሽ ባል ልትቀብሪ ነው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጸደይ አለፈ፣ በጋውም አለፈ፤ አክረም አልደወለም። ከእኔ ፍርሃቱ በለጠበት ብላ አለቀሰች፤ ሐይቁ ዳር መሄድም ተወች። በመኸሩ የዘይኑ ጓደኛ ሀምዛ ከዳሊ ሲቲ ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ሰው ነው። እሺ አለች፤ ኒካሁ ታሰረ።

በተከታዩ ጸደይ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና የወገቧ ሕመም ተነሳባት። ሐይቁ ዳር ስትደርስ አክረም በሰልፉ መሀል ቆሟል። ከሸሚዙ አንገት በላይ የስፌት ጠባሳ ይታያል።

«አደረግከው» አለችው ልምምዱ ሲያበቃ።

«በተለያየን በስድስተኛው ሳምንት። ሚስተር ላምን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ‹ልምምዱ ያጠነክርሃል እንጂ የተበላሸ ልብ አይጠግንም፤ ሐኪም የሚልህን አድርግ› አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ የቤታችሁ ስልክ መቅጃ ማሽን ላይ መልእክት ተውኩልሽ። አንዱን ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው።»

«አልደረሰኝም።»

ያን ጊዜ ሆዷን አየ። ዓይኑን ቶሎ ሰበረ።

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሒክማ በቀጥታ ዘይኑ ቤት ሄደች። ዘይኑ አልካደም።

«መልእክቶቹን ሰምቼ አጠፋኋቸው። መዳኑን አውቄ ነበር፤ ግን እስከ መቼ? ለአንቺው ብዬ ነው።»

«የመጨረሻው ምን ይላል?»

«ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«ንገረኝ።»

«‹ድኛለሁ። ሽማግሌ ልላክ ወይ?› ነው ያለው።»

«ድገመው።»

ደገመላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዳሊ ሲቲ ስትደርስ ሀምዛ ምሳ አቅርቦ፣ የሷ እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ከድኖ ይጠብቃታል።

«የት ቆየሽ?» አላት።

«ዘይኑ ጋ» አለች። ከዚያ በላይ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።