ያልተጠረገው ጓዳ

የሺጥላን ባየሁት ቀን መጀመሪያ የጠላሁት ጣቶቹን ነው። ጫፎቻቸው በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ቡኒ ሆነዋል፤ ከጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ጥቁር ነገር አለ። ገና ከበራችን ሳይደርስ የኮምጣጤ ሽታው ደረሰ። ሰው በዚህ እጁ ምሳውን እንዴት ይበላል ብዬ አሰብኩ።

ዘመኑ ስልሳ ስምንት፣ ወሩ ኅዳር ነበር፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ረፋድ ከሣሩ ላይ አይነሣም። የሺጥላ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ፎቶ ቤት ባለቤት ነው። ሥራው ሐይቅ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ሰው አስቁሞ ማንሣት እንጂ የቤት ውስጥ ፎቶ አንሥቶ አያውቅም። የላከው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ወልደተንሣኤ ነው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ጓዱ የየቤቱን ውስጥ አስነሥቶ በአልበም ለአውራጃው ሊልክ ተነሥቷል። ይህ ሰው ስብሰባ ሲመራ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል፤ የወጣውን አየት ያደርግና መልሶ ይውጠዋል። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የምቀመጠው ይህን ላለማየት ነበር።

ከፊተኛው ቤታችን ጀርባ ለብቻዋ በር ያላት አንዲት ክፍል ነበረችን፤ ጓዳ እንላታለን። እናቴ ወይዘሮ በሰለችና እኔ የምንተኛውም፣ ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆነውን የበግ ጠጉር የምንፈትለውም እዚያ ነው። አንድ ደግ ጎረቤት ግን ጓዳዋ ሰው የማይኖርባት ትርፍ ቤት ናት ብሎ ጠቁሞብናል። ኮሚቴው በፎቶው አይቶ ሊወስን ነው። ጓዳዋ ከተወሰደች ግቢያችን ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል፣ እናቴም የምትሠራበት አይኖራትም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የበላነው ከዚያ ፈትል ነው።

እንጀራዬ ይሁን እንጂ ጓዳዋን እጠየፋት ነበር። ያልታጠበ የበግ ጠጉር በየጥጉ ተከምሮ ይከረፋል። አንዳንድ ቀን መዥገር ይወጣበታል። ቅባቱ ከእጅ በሳሙና አይለቅም። ከሁሉ የባሰው ግን ግድግዳው ነው። እናቴ አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስትፈትል ሃያ ዓመት ኖራለች። ራሷ ያረፈበት ቦታ ቅቤ ጠጥቶ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ክብ ሆኗል። ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ አለ። እሱ የእኔ ነው፤ ከጎኗ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። በአመድ ፈትጌዋለሁ፣ በኖራ ቀብቼዋለሁ። በወሩ ቅቤው ኖራውን በልቶ ይወጣል።

እንግዲህ ፎቶ አንሺ ይመጣል ሲባል ያደረግሁትን አደረግሁ። ጓዳ ባዕድ የማይዘልቀው ቦታ ነው፤ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ ጉዳችንን አይቶ አይሄድም አልኩ። እናቴ «ተዪው፣ ባለበት ይሁን» ብትለኝም አልሰማኋትም። ጠጉሩን፣ አጎዛውን፣ እንዝርቱን፣ ማሰሮውን፣ ሁሉንም ጎረቤት ወሰድኩ። ኅዳር ሲታጠን እንኳ እንደዚያ ጠርጌ አላውቅም። ክቦቹ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩ።

የሺጥላ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ ያነሣው መስኮቱ የነጣ ቀዳዳ፣ ክፍሉ የጨለመ ጉድጓድ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጠ፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ ዝቅ አድርጎ ጥግ ውስጥ ተወተፈና ግድግዳው እንዳይጋደልበት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እኔን ከካሜራው ጎን አቁሞ ሌላ አንሶላ አስያዘኝ፤ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብላ ወደ ጨለማው እንድትመልስለት ነው። ከችንካሩ ላይ የቀረችውን የእናቴን ጋቢ «ዓይን ትረብሻለች» ብሎ አወረዳት። የተረሳውን የመቀመጫ ዱካም አወጣው። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ካሜራውን ከፍቶ መቆየት አለበት፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ስለሌለው በአባታችን ሆይ ይለካል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ጨርሶ ዘጋው። ከዚያ ጠረን ካለው እጁ በቀር ሰውዬው መልከ መልካም መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው፤ በማየቴም በራሴ ተናደድኩ።

በሳምንቱ ቀበሌ ጠርተው ፎቶውን አሳዩን። የሚያምር ፎቶ ነበር። ወለሉ ንጹሕ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ብርሃኑ ለስላሳ። ጓድ ወልደተንሣኤ በክብሪት እንጨቱ ነካ ነካ አደረገውና ሰው የማይኖርበት ቤት ማለት ይህ ነው አለ። ይግባኝ ካለን በስምንት ቀን እንድናቀርብ ነገረን። እናቴ እስከ ቤት ድረስ ቀድማኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የሺጥላ ግቢያችን መጣ። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ምን ቀረህ? የሚወሰድ ነገር ረስተሃል?»

«ፎቶውን ትላንት ማታ እንደገና አየሁት» አለ። «ጋቢዋን እኔ ነኝ ያወረድኳት። ዱካውንም።»

«አንተን ሳይ ይቀፈኛል።»

«እኔንም ቀፎኛል። እንደዚያ ያማረ አንሥቼ አላውቅም፤ ግን ሰው የለበትም።»

እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ ጣቶቹን እንደምጠላቸው ያውቅ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጓዳውን ሳልጠርግ እንዳስገባው ለመነኝ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለስ፣ እናንተም ሥራችሁን ያዙ አለ። ይግባኙ ላይ የሚያያዝ ፎቶ ራሱ አጥቦ ሊያመጣ ነው። ሊቀ መንበሩ ቢያውቅ ፎቶ ቤቷን እንደሚያሽግበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«ግድግዳው ላይ አንድ ነገር አለ» አልኩት። ፊቴ ጋለ።

ገብቶ አየው። አፍንጫውን አልያዘም፣ ፊቱንም አላዞረም። ብዙ ቆይቶ «የመደቡ ጥግ ጨለማ ነው፤ አይወጣም» አለኝ።

«ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

በዚህ ቃል ተስማማሁ። በነጋታው ጠጉሩ በየጥጉ ተከመረ፣ አጎዛው ተነጠፈ፣ ያልታጠበው ድስትም ሳይቀር በቦታው ተቀመጠ። እናቴ መደቧ ላይ ወጥታ ከግድግዳው ራቅ፣ ጎንበስ ብላ እንዝርቷን ያዘች፤ እኔም ከጎኗ። የሺጥላ በጠጉሩ ክምር ላይ ተንበርክኮ ጥጉ ውስጥ ተወተፈ። ቀሚሴ ስር የሆነ ነገር ሲሄድብኝ ይሰማኛል፤ እንዳልነቃነቅ ተነግሮኛል። አባታችን ሆይ ብሎ ጀመረ። እየቆየ ሲሄድ ከካሜራው በላይ ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ያየኛል። ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እንደገናም ቆመ። እናቴ በሹክሹክታ «ልጄ፣ አንገቴ ደረቀ» ስትለው ነው የዘጋው።

የይግባኙ ቀን ጓድ ወልደተንሣኤ አዲሱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መስኮቱ አጠገብ ያለው ሁሉ በብርሃን ተቃጥሎ ነጥቷል፤ ጨለማው ጥግ ግን ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ክቦቹ አሉ። ትልቁም ትንሹም፣ ከነወዛቸው። የሺጥላ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። በዚያች ሰዓት ቢሞት አላለቅስለትም ነበር።

ሊቀ መንበሩ ዕቃ ማንም በአንድ ቀን አስገብቶ ይነሣል፣ ይህ ማታለያ ነው እያለ ተናገረ። ከኮሚቴው አንዷ፣ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ፎቶውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ራሴ ነው» አለች እናቴ።

«ትንሹስ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መልሱን ለእኔ መተዋ ነው። አርባ ሰው ተቀምጧል፤ ከአርባው ግማሹ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት የሄደ ነው። ቅማላም ብለው ሲስቁ በጆሮዬ ሰማኋቸው፤ ገና ማንም ሳይስቅ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ። ብፍቀውም አይለቅም፣ ኖራ ብቀባውም ይወጣል።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ይህ በአንድ ቀን አይሠራም፣ በእኔም ቤት አለ አለች። ከዚያም ያመነታ ካለ ቤቱ ሄዶ ግድግዳውን በእጁ ይንካ ብላ ተነሣች። ሄዱ። ነኩት። ጓድ ወልደተንሣኤ ጣቱን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና በሱሪው ጠረገው። ጓዳችን ተመለሰችልን፤ ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ ስለወሰነም ፎቶ ቤቷን የነካ አልነበረም።

የሺጥላ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሄድኩበት።

«አይወጣም ብለህ ምለህልኛል።»

«አንድ አባታችን ሆይ ብቻ ቢሆን አይወጣም ነበር» አለ። «ቆጠራው ጠፋብኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት መሰለኝ።»

«ምን ሆነህ?»

እጁን ከኪሱ አውጥቶ ያን ቡኒ ጣቱን አየው። «የዕለት እንጀራችንን ላይ ስደርስ ቀና አልሽ» አለኝ።

እነዚያን የሚያስጠሉኝን ጣቶች በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ሸተቱ፤ አልለቀቅኋቸውም። የእኔም እጅ በግ በግ ይሸታል።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ፎቶ ቤቷ እስካሁን አለች፤ የቤት ውስጥ ፎቶ የሚያስነሣ ሲመጣ ባለቤቴ መጀመሪያ የሚለው «እንዳትጠርጉት» ነው። ምሳውን የሚበላው በዚያው እጁ ነው፤ ሁልጊዜ ታጠብ እለዋለሁ፣ ታጥቤያለሁ ይለኛል። እናቴ ካረፈች ቆየች። በዓል ሲመጣ ጓዳዋን ኖራ እቀባለሁ። መደቡ ጋ ስደርስ ትልቅ ክብ፣ ትንሽ ክብ፣ ከትንሹ ቀጥሎ ደግሞ የሺጥላ ማታ ማታ ተደግፎ እኔ ስፈትል የሚያይበት ሦስተኛ አለ። በጣም ያስጠላል። ብሩሹን አነሣና ዞሬ አልፋቸዋለሁ።