አዝላ ወይስ ታቅፋ

ብስክሌት ጠጋኙ የሞተው አፉን ከፍቶ ነው። የመጀመሪያው ምት የፊት ጥርሶቹን አራግፎ ከንፈሩን ሰንጥቆታል፤ የቀሩት ስድስቱ የራስ ቅሉን አድቅቀውታል። ገዳዩ የተጠቀመበት ባለ ሁለት እግር የብስክሌት መቆሚያ ብረት ፀጉርና ደም እንደለበሰ አጠገቡ ተጥሏል። ደሙ በሲሚንቶው ወለል ላይ ተንጣልሎ በሩ ድረስ ሄዷል።

በዚህ ሁሉ ትርምስ መሃል አንዲት ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለት የሕፃን ወንበሮች ተከታትለው ታስረዋል፤ በየወንበሩም አሸዋ የተሞላ ጆንያ በቀበቶ ተጠፍሮ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ ጆንያዎቹን ብዙ አየች። ቀጭን ናት፣ ነገርም ትወጋለች፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ለዚህ ነው። አንደኛውን ቀበቶ ቀና አድርጋ ከሥሩ ተመለከተች። በቀበቶውና በጆንያው መካከል ደም ደርቋል። የብስክሌቷ መሪ ተጣሟል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የፈሰሰ አሸዋ አለ።

የጣቢያው አዛዥ ቸኩሏል። «ምን ያስጨንቅሻል? ብስክሌቷን ለልጆቹ ያሠራው አባት ትናንት ሰፈር እየሰማ ‹ጥርስህን አራግፈዋለሁ› ብሎታል። ይኸው ረግፏል። ዛሬውኑ አስረዋለሁ።»

«እስከ አስር ሰዓት ታገሰኝ» አለች።

የልጆቹ እናት በር ላይ ቆማ ሰምታለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ከአርባ ሰው ጋር ሥራ ላይ ነበረች። «እሱ ተናጋሪ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም» አለች እንባዋን እየዋጠች። «ዛሬ ከታሰረ ልጆቼን አባታችሁ የት ሄደ ልበላቸው?»

መጀመሪያ የቀረበው የሟቹ ሸሪክ፣ ቀለም ቀቢው ነው። ቀኝ እጁ ከሳምንት በፊት ተሰብሮ ጀሶ ለብሷል።

«ጆንያዎቹ ምንድን ናቸው?»

«ልጅ ከመጫኑ በፊት በልጁ ክብደት ልክ አሸዋ ጭኖ ይነዳል። ‹በጆንያ ልሳሳት እንጂ በልጅ አልሳሳትም› ይል ነበር። ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሲነዳት ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጋጨ። ‹እናትየውም እንደኔ ረጅም ናት፤ መታጠፊያ ላይ ከነልጆቿ ትወድቃለች› ብሎ የፊቱን ወንበር ነቅሎ ወደ ኋላ አዞረው። እኔ ከዚያ ወጣሁ።»

«ይህን ለውጥ ከናንተ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር።»

«ብስክሌቷን ከነሸክሟ ከወደቀችበት ታነሳታለህ?»

«እትዬ፣ በዚህ እጄ ማንኪያም አላነሳሁ።»

ቀጥሎ አባትየው ገባ፤ እጆቹ አካፋ የሚያክሉ ግንበኛ ነው።

«ለምን ዛትክበት?»

«ነገ ነገ እያለ አመላለሰኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ቤት እንቀይራለን። ሚስቴ ትንሿን ከፊቷ ታቅፋ፣ ትልቋን ከኋላዋ አዝላ ትነዳለች ብለን ጨርሰን ነበር። እናም ተናደድኩ። የዛተው አፌ ነው፣ እጄ አይደለም።»

መርማሪዋ ከጋራዡ ያመጣችውን የዚያው ዓይነት የወንበር ቀበቶ አሳየችው። «እስቲ ፍታልኝ።»

አባትየው ቁልፉን ተጫነው፣ ጎተተው፣ አጣመመው፤ አላበው። «ይህ ደግሞ የማን ተንኮል ነው!» ብሎ ተወው።

«ልጆቹን ጋሪያቸው ላይ ማን ያስራቸዋል?»

«አክስታቸው ናት፣ የሚስቴ ታላቅ። የጋሪያቸው ቁልፍም እንዲሁ ነው፣ ለሷ ብቻ ነው የሚታዘዘው። ጠዋት ሕፃናት ማቆያ ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። እኛ ስንሮጥ ያሳደገቻቸው እሷ ናት።»

አክስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ስትደርስ የሕፃን ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

«ብስክሌቷን አይወዷትም አሉ።»

«እንዴት ልውደዳት? ሁለት ልጅ ከኋላዋ አዝላ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሃል! ቢወድቁስ በምን ታያቸዋለች?»

«ጠጋኙ ጋ ሄደው ያውቃሉ?»

«ደጁን ረግጬ አላውቅም» አለች፤ የስፌት መኪናውም ቆመ።

አስር ሰዓት ሲሆን አራቱም አዛዡ ባለበት ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወለሉ ታጥቧል፤ ደሙ ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል። ብስክሌቷ ከነጆንያዎቿ መሃል ላይ ቆማለች።

«ደም ከቀበቶ ሥር የሚገባው» አለች መርማሪዋ፣ «ቀበቶው ከግድያው በኋላ ሲታሰር ነው። ብስክሌቷ በግርግሩ ወድቃለች፣ ቀበቶው ተፈቷል። ገዳዩ ግን ሰው ገድሎ አልሮጠም። አንስቷታል፣ ጆንያዎቹንም በደም እጁ መልሶ አስሯቸዋል። እናትየው ሥራ ላይ ነበረች። ሸሪኩ በአንድ እጁ ይህን ሸክም አያነሳም። አባትየው ቁልፉን መፍታት እንኳ አልቻለም። ደግሞ እሱ እስከ ዛሬ ድረስ ትንሿ ከፊት እንደምትታቀፍ፣ ትልቋ ከኋላ እንደምትታዘል ነው የሚያውቀው። ጋራዡ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ለውጡን ለማንም አልተናገርንም። ሁለቱም እንደሚታዘሉ የነገረችኝ ግን አንዲት ሴት አለች።»

አክስትየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ልጅ መታዘሉ ብርቅ ነው? አፍ ያመጣው ቃል ነው!»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች መርማሪዋ፤ ወዲያውም ብስክሌቷን በእግሯ ገፍታ ጣለቻት።

ብረቱ ወለሉ ላይ ሲንኳኳ አባትየውና አዛዡ ወደ ኋላ ዘለሉ። አክስትየዋ ወደ ፊት ነበር የበረረችው። ብስክሌቷን አነሳች፤ የተፈታውን ቀበቶ በአንድ ጣቷ ቀጭ አድርጋ ቆለፈች፤ ከጆንያው ላይ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ እጆቿን አየቻቸው።

«ለመንኩት» አለች። «‹ብስክሌቷ ሁለት ልጅ አትችልም በላቸው› አልኩት። ልጆቼን ሩቅ ሊወስዱብኝ ነው! ሳቀብኝ። ‹እትዬ፣ ልጆቹ እኮ› ብሎ ሲጀምር አፉን አልኩት። አላስጨረስኩትም። ዝም ካለ በኋላም መታሁት፣ መታሁት። ስዞር ልጆቹ… ጆንያዎቹ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ትቻቸው መሄድ አቃተኝ።»

እናትየው ቀረብ አለች።

«ሊልሽ የነበረውን ልንገርሽ። አዲሱ ቤት አውቶቡስ አይደርስም። ብስክሌቷን ያሠራሁት ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አንቺ ጋ ለማምጣት ነው። ለጠጋኙም ነግሬው ነበር። ላንቺ ልነግርሽ ስል ግን ቤት እንቀይራለን ካልኩሽ ቀን ጀምሮ አኩርፈሽ ጆሮ ነሳሽኝ።»

አክስትየዋ ትንሹን ጆንያ ከወንበሩ ፈታችና ታቅፋው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ።