የስቴፕልተኑ ታወር ሲቆጠር

እኔ ሰው ስለ መንፈስ ሲያወራ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነኝ፣ እናቴ ቸርች ውስጥ ጋኔን ሲወጣ አይታ ስትነግረኝ እንኳ «ሰውየው ቁርስ በልቶ ነበር?» ነው ያልኳት፣ ስለዚህ ካላመንከኝ አልቀየምህም።

ያኔ የከተማችን የድሮው ኤርፖርት፣ ስቴፕልተን፣ ተዘግቶ ገና ቤት እየተሠራበት ነበር፣ ሜዳው መሀል የአውሮፕላን መቆጣጠሪያው ታወር ብቻ ቀርቷል፣ የመብራት ሽቦው እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። ግቢውን እኔና ጋሽ ወልዱ በፈረቃ እንጠብቃለን። ጋሽ ወልዱ ወጣት ሆነው ቀይ ባሕር ላይ፣ ሰው በማይኖርባት ደሴት፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ያረጀ የመብራት ማማ ጠባቂ ነበሩ።

«የኔ ሁለቴ ብልጭ፣ ከዛ ሰባት እስኪቆጠር ጨለማ ነበር» ይሉኛል። «መርከበኛው በቆጠራው ነው የሚለየን። መብራቱን የሚያዞረው ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው፣ ሲወርድ ገመዱን መልሶ ማጠንጠን ነው ሥራችን። የየብስ ሰው መብራት ሲያይ ወደሱ ይሄዳል፣ መርከበኛ ግን ይሸሸዋል፣ ድንጋዩ ያለው እዛ ነዋ።»

አንድ ቀን «መብራቴን ታወሩ ላይ አየሁት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መርከቡ በየት ሊመጣ ነው፣ በሃይዌዩ?»

መሳቄ አልበቃኝም፣ የሳቸውን ፈረቃ ስለምፈልገው ለሱፐርቫይዘሩ «ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ልክ አይደለም» አልኩት። በሳምንቱ አሰናበታቸው።

ከዛ አንድ ከሰዓት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በድሮው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ፒክአፑን እየነዳሁ በረዶው ድንገት ዘጋኝ፣ የመኪናዬን አፍንጫ እንኳ አላይም። ወዲያው ከፊቴ ከፍ ብሎ ብልጭ፣ ብልጭ። የግቢው መውጫ ታወሩ ጋ ነው ብዬ ቀጥታ ወደሱ ነዳሁ። ሳላስበው እየቆጠርኩ ነው፣ ዘጠኝ ስል ደግሞ ብልጭ፣ ብልጭ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ከላይ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል የገመድ ድምፅ ሰማሁ፣ እመነኝ፣ ነፋስ አይደለም፣ ነፋስ እንደዛ አይቆጥርም። ያኔ ሽማግሌው «መርከበኛ ይሸሸዋል» ያሉት ትዝ አለኝና ፍሬን ረገጥኩ። ስወርድ ከጎማዬ ፊት መሬት የለም፣ ለቤት መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል።

በረዶው ሲገለጥ ዞሬ ታወሩ በር ጋ ሄድኩ። የታሰረበት ሰንሰለት ዝጓል፣ በሩ ፊት ያለውን በረዶ የረገጠው የለም። ለጋሽ ወልዱ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ አየሁት።»

አልተቆጡም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ስንት ቆጠርክ?»

«ዘጠኝ።»

«የኔ ሰባት ነበር። የሚዘገየው ገመዱ ሊያልቅ ሲል ነው፣ አጠንጣኝ ሲጠፋ።»

«ታዲያ ማነው የሚያጠነጥነው?»

«እኔን አስወጣኸኝ። ፈረቃው ያንተ ነው» አሉና ዘጉት።

ሥራውን በማግስቱ ለቀቅኩ። አሁን የምኖረው ራቅ ብዬ ሴንቴኒያል የሚባል ሰፈር ነው፣ ታወሩ ከዚህ አይታይም። ባለፈው በረዶ ሲጥል ግን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለቴ ብልጭ አለ፣ ቆጠርኩ፣ አሥራ ሦስት ደረሰ።